ክሩን ማን ይወጥረዋል?

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አንጎል ትማራለች። ሰሞኑን ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ አንዲት የነርቭ ሕዋስ ስታድግ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኳ ከፈተችልኝ። «ሳባ፣ የትኛው ክንዷ ነው የሚረዝመው?» አለችኝ እየሳቀች፤ ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። እኔ ግን ሌላ ሕዋስ ትዝ አለችኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከሱዳን እስራኤል በገባን በዓመቱ፣ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ከተማ በአንድ ላቦራቶሪ የመስታወት ዕቃ አጥብ ነበር። አባቴ ጎንደር ሳሉ ሸማኔ ነበሩ። ሸማ መሥሪያቸው እዚያ ቀረ፤ እናቴ ደግሞ መንገድ ላይ ቀረች። ሃዳር ጋኒም ሰፈር ከገባን ወዲህ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው መዋል ሆነ ሥራቸው። ምግቡን ቀመስ አድርገው ይተዉታል። ከሥራ ስመለስ፣ በሩን ከፍቼ ምን አገኝ ይሆን እያልኩ ደረጃውን እሮጥ ነበር።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሚርያም ጨዋታ የምትወድ ሴት ነበረች። አንድ ሐሙስ ጠርታኝ አንዲት የነርቭ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ሕዋሷ ስትጀምር ክንዶቿ ሁሉ እኩል አጫጭር ናቸው አለችኝ። ውስጣቸው ቀጫጭን ክር ተዘርግቷል፤ ክሩ የጸናበት አንዱ ይረዝምና መልእክት አስተላላፊ ይሆናል፣ ሌሎቹ አጭር እንደሆኑ ይቆያሉ። ይህን ብላ ስታበቃ ረጅሙን ክንድ በመስታወት መርፌ ከሥሩ ቆረጠችው። ክው አልኩ። ትሞታለች ወይ ብላት፣ «በሰደር»፣ እሺ እንደማለት፣ «እሑድ እናያለን» አለችኝ።

ሕዋሷ ከተረፈች አባቴም ይተርፋሉ የሚል ሐሳብ የያዘኝ ያን ጊዜ ነው። ጤነኛ ሰው የአባቱን ነፍስ በሕዋስ ክንድ ላይ ያንጠለጥላል? እኔ አንጠለጠልኩ። አርብ ላቦራቶሪው ዝግ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሻባት፣ ሰንበት ነው፤ ማን ይሄዳል! ጸሎት ላይ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ ሕዋሷ ያለችባት ሳህን ጋ ነበር። የብርቱካን አበባ ሽታ ከተማውን ሞልቶታል፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል።

እሑድ ጧት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አየሁ። የተቆረጠው ጉቶ እንደሆነ ነው። በወዲያ በኩል ግን ከአጫጭሮቹ አንዱ ረዝሞ፣ ማይክሮስኮፑ ከሚያሳየው አልፎ ሄዷል።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኳቸው። ግድግዳውን እያዩ ሰሙኝ።

«የተቆረጠው በቀለ?» አሉ።

«የለም አባባ፣ ሌላው ነው የረዘመው።»

ምነው ባልተናገርኩ አልኩ በሆዴ። ፊታቸውን ከግድግዳው ወደ እኔ አዞሩ፤ እጃቸውም ድር እንደሚወጥር ሰው ተዘረጋ።

«ክሩን ማን ይወጥረዋል?»

አላውቅም አልኳቸው። «ሴትዮዋን ጠይቃት እንጂ» ብለው ተቆጡኝ። ራታቸውን እየተቆጡ ጨርሰው በሉ። እኔ ሳህኑን ሳጥብ አለቀስኩ።

ከዚያ አባቴ ብርቱካን ለቀማ ሥራ ገቡ። ሸማ ዳግም አልሠሩም።

ይኸው የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መልሴን ትጠብቃለች። እኔ ግን ክሩን ማን እንደሚወጥረው ጠየቅኳት። ገና ሙሉ በሙሉ አልተደረሰበትም አለችኝ።

«መምህሮችሽን ጠይቂያቸው እንጂ» ብዬ ተቆጣኋት። ድምፄ የአባቴ ሆነብኝ።