እርጥብ ምንጣፍ የሁለት ሰው ሸክም

መዝገቡ የኢድሪስን መሞት የሰማው ለቡ መብራት ኃይል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰው ሶፋ በሳሙና ነክሮ ሳለ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ማሽኑን አጥፍቶ ብሩሽ ሊቀይር ጎንበስ ሲል ስልኩ ጠራ። የደወለችው የኢድሪስ ታናሽ እህት ሙፊዳ ነች። ቁጥሯን ከያዘ ስንት ዓመቱ፤ አንድም ቀን ደውላለት አታውቅም። ስሟን ሲያይ፣ ገና ሳያነሳው፣ ክፉ ወሬ እንደሆነ አወቀ።

«መዝጌ፣ ኢድሪስ ወደ አኼራ ሄደ» አለችው። የምትጨምረው ነገር ነበራት፤ ለቅሶው ቀደማትና ስልኩ ተዘጋ።

የያዘው ብሩሽ አረፋውን ሱሪው ላይ እያንጠባጠበ ጥቂት ቆመ። የቤቱ እመቤት ራኬብ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፤ ምንም አልሰማችም። መዝገቡና ኢድሪስ የተለያዩት ትናንት ማታ፣ ከሥራ ሲወጡ ነው። ደረቴን ትንሽ ይዞኛል፣ ነገ ቀድመህ ጀምር፣ እደርስብሃለሁ ብሎት ነበር። መዝገቡ ሶፋውን አየው። ግራጫ፣ ማዕዘን ይዞ የዞረ፣ ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ነው። ግማሹ በሳሙና ርሷል፣ ግማሹ ደረቅ ነው።

የሶፋ ሳሙና እንደ ልብስ ሳሙና አይደለም። ጨርቁ ውስጥ ከገባ በኋላ በማሽን ተመጥጦ ካልወጣ ስፖንጁ ውስጥ ይተኛል። በማግስቱ ቢጫ ያወጣል፣ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። እርጥብ ትቶ የሚሄድ ሠራተኛ አይባልም የሚለውን ሕግ ያወጣው ራሱ ኢድሪስ ነው። ሚስቱ ሪሐና ምጥ ይዟት እንኳ የደንበኛውን ምንጣፍ መጥጦ ሳይጨርስ አልተነሳም። የደረሰው ልጅቱ ከተወለደች በኋላ ነው። ሪሐና ይህን አንድም ቀን አልረሳችለትም።

መዝገቡ በልቡ ሰዓት ቆጠረ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሱ በተወለደበት ቤት፣ በሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የሩቅ ዘመድ ይጠበቃል፣ ፍትሐቱ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወጣል። አሁን አራት ነው። የቀረው የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ ጨርሼ እደርሳለሁ አለ። ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የኢድሪስ እናት ጎህ ሲቀድ ሲያርፉ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከቀበሯቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ ቃሬዛውን በትከሻው ይዟል። እስላም ሬሳ እንደማያሳድር፣ ሰው እንደማይጠብቅ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን ራሱ የቆጠረው በለመደው ሰዓት ነው።

ለራኬብም አልነገራት። ብትሰማ ገፍታ ታስወጣው ነበር። ማሽኑን አስነሳና ሥራውን ቀጠለ። በማሽኑ ጩኸት መሃል ቦርሳው ውስጥ ያለው ስልክ አራት ጊዜ ጠርቷል፤ አልሰማውም። ከትራሶቹ ስር ያገኘውን የጸጉር መቆንጠጫና የሕፃን ካልሲ በላስቲክ ኩባያ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከሶፋ ውስጥ የወጣ ነገር መርፌም ብትሆን በኩባያ ሆና ለባለቤቷ ትመለሳለች፤ ይህም የኢድሪስ ልማድ ነው።

ሁለት ሰዓት ያለው ሥራ ብቻውን ሲሠራው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ማሽኑንም ብቻውን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወረደ። ሀና ማርያም ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከኢድሪስ ግቢ በር ላይ ወንዶች ከአንድ አይሱዙ ላይ ይወርዳሉ። ጫማቸው ላይ ቀይ አፈር አለ። አንድ የጎረቤት አዛውንት፣ መዝገቡን በደንብ የሚያውቁት፣ ወደሱ መጥተው ክንዱን ያዙት።

«ከዙህር ሶላት በኋላ አስገባነው ልጄ» አሉት። «ትንሽ ጠበቅንህ እኮ።»

ጠበቅንህ ባይሉት ይሻለው ነበር።

መዝገቡና ኢድሪስ የመጡት ከቡታጅራ ወዲያ ካለች አንዲት መንደር ነው። የአንዱ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ የሌላው ከመስጊዱ በላይ፣ መሃላቸው አንድ የእንሰት ጓሮ። አዲስ አበባ ገብተው ነፋስ ስልክ አንድ መኪና ማጠቢያ ተቀጠሩ፤ እዚያ የመኪና ወንበር ማጠብ ለመዱ። የመኪና ወንበር ያጸዳ ሶፋ አያቅተውም ያለው ኢድሪስ ነው። ከተዘጋ ሆቴል አንድ አሮጌ ማሽን ገዙና ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ መጋዘን ከነግቢው ተከራዩ። በየኮንዶሚኒየሙ በር ላይ «ሶፋና ምንጣፍ ቤትዎ ድረስ መጥተን እናጥባለን» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ሁለት ስልክ አለበት። የኢድሪስ ከላይ፣ የመዝገቡ ከታች።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠሩ። ምሳ ላይ ነበር ችግራቸው። የአንዱ ጾም ሲፈታ የሌላው ይገባል፤ ሥጋ ደግሞ የአንዱን ሌላው አይበላም። ኢድሪስ የሁለታችን ሃይማኖት የሚስማማው ሽሮ ላይ ነው እያለ ይስቃል። በረመዳን መዝገቡ ዳቦውን ከማሽኑ ጀርባ ተደብቆ ይገምጣል፤ ኢድሪስ ደግሞ እንዳላየው ሁሉ ጮክ ብሎ፣ አይጥ ገብቷል መሰለኝ መዝጌ፣ ይላል።

የታጠበ ምንጣፍ ውኃ ሲጠጣ የሬሳ ያህል ይከብዳል። ለአንድ ሰው አይነሳም። ሁለቱ በሁለት ጫፍ ቆመው፣ አንዱ ቢስሚላህ፣ ሌላው በስመአብ ብለው፣ እኩል ያነሱታል። ደንበኞች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እነሱ ግን ለቀልድ አላደረጉትም። ድምፁ ከሌለ አንዱ ቀድሞ ያነሳና የሌላው ወገብ ይቀጫል።

ለቅሶ ቤቱ ሦስት ቀን ተቀመጠ። የሳሎኑ ዕቃ ወጥቶ የእንሰት ጂባ ተነጥፏል። መዝገቡ ሦስቱንም ቀን በሩ ጀርባ፣ ተጠቅልሎ የቆመ አንድ ምንጣፍ ተደግፎ ነው የዋለው። ምን እንደተደገፈ ልብ አላለም። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲሳሳ ሪሐና መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን እንደሚላት ሲያስብ ነው ሦስቱ ቀን ያለቀው።

«እርጥብ ትቼ መምጣት አቅቶኝ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔንም ምጥ ላይ እንዲሁ ነው ያደረገኝ።»

ከዚያ በእጇ ከጀርባው ያለውን ምንጣፍ ነካ አድርጋ ለአርባው ዱዓ አጥቦ እንዲያመጣላት ለመነችው። ስታገባ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው፣ ቀይ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ምንጣፍ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የተባለው ለእኔ ነው እያለች ዘጠኝ ዓመት ጨቅጭቃዋለች፤ ኢድሪስም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሥራ የሌለ ቀን፣ እያለ አሳልፏታል። የአገር ምንጣፍ ሲያጥብ የገዛ ቤቱ ምንጣፍ ውኃ ሳይነካው ሞተ።

መዝገቡ ደስ አለው ማለት ነውር ነው፤ ግን ልቡ ትንሽ ቀለል አለ። ወዳጁን አፈር አላለበሰም። ይህን ምንጣፍ ግን ማንም አጥቦት በማያውቀው አስተጣጠብ ሊያጥብለት ይችላል። ይህችም ለኢድሪስ አንዲት እፍኝ አፈር ትሁንለት ብሎ፣ በዚያው ቀን በባጃጅ ጭኖ ነፋስ ስልክ ወሰደው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ጀመረው። በጀርባው አዙሮ አቧራውን መታ። ሲሚንቶውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ ዘረጋው። ቱቦውን ከፍቶ ውኃው ከዳር እንዲደርስ ተወና ሳሙና ሊበጠብጥ ሄደ። ሲመለስ ፀሐይዋ ከግቢው ግንብ በላይ ብቅ ብላ ምንጣፉን በጎን መታችው፤ ያን ጊዜ አየው።

ምንጣፉ ጥግ ላይ፣ ጠጉሩ ተኝቶ የሚያብለጨልጭ ቦታ አለ። ሁለት ክብ፣ ጎን ለጎን፤ ከፊታቸው ደግሞ ሁለት ሰፋ ያሉ፤ በመሃላቸው አንዲት፣ የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል። መዝገቡ ይህን ለማንበብ አልዘገየም፤ ሥራው ነው። የሶፋ እግር የተኛበትን፣ አልጋ የቆመበትን፣ የቤቱ አባወራ ሁልጊዜ እግሩን የሚያሳርፍበትን ከሩቅ ይለያል። ይህ የጉልበት ነው። ያኛው የመዳፍ። መሃሉ የግንባር። ኢድሪስ መስገጃ አይዘረጋም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ምንጣፍ ስዘረጋ ውዬ ቤቴ ሌላ አልዘረጋም እያለ፣ በቀን አምስት ጊዜ ባይሆን እንኳ የንጋቱን ሱብሒና የማታውን ኢሻ፣ ሳሎኑ መስኮት ስር፣ እዚያችው ጥግ ላይ ይቆማል። ዘጠኝ ዓመት።

እንዲህ የተኛ ጠጉር እንዴት እንደሚነሳ ያስተማረው ኢድሪስ ነው። ሙቅ ውኃ፣ ከዚያ ብሩሹን በተቃራኒ መሳብ፣ ከዚያ መምጠጥ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቦታው የት እንደነበር ባለቤቱም አያገኘው።

ውኃው የምንጣፉ ዘርፍ ላይ ደርሷል። መዝገቡ ሮጦ ቱቦውን ዘጋ። ጫማውን አውልቆ ከጥጉ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን ወደ መዳፉ ቦታ ሰደደና ሳያሳርፈው መለሰው። ረጅም ሰዓት እንዲሁ ቆየ። መኪና ማጠቢያው ውስጥ ሰው ይሳሳቃል፣ ሬዲዮ ይጮሃል። ዘርፉ ሲደርቅለት ምንጣፉን ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ ጥጉ እንዳይታሽ ተጠንቅቆ ጠቀለለው። ብቻውን ጠቀለለው፤ ደረቅ ስለሆነ ለአንድ ሰው አይከብድም።

ነገ አጥበዋለሁ አለ። በማግስቱ እሑድ ነበር። ከዚያ ቦሌ ሥራ ተገኘ። ከዚያ ማሽኑ ተበላሸ። አርባው ሁለት ቀን ሲቀረው ሰበብ አለቀበትና ባዶ እጁን ሀና ማርያም ሄደ። ሪሐና በር ላይ ቆማ ከኋላው ባጃጅ ፈለገች።

«ምንጣፉስ መዝጌ?»

«አልታጠበም።»

«አንተም ኢድሪስ ሆንክብኝ?» አለች፤ ፈገግ ልትል ነበር። ፊቱን አየችና ተወችው።

ገብቶ ተቀመጠና ያየውን ነገራት። ጉልበቱን፣ መዳፉን፣ ግንባሩን። በእጁ ወለሉ ላይ እያሳየ ነው የነገራት። ሪሐና ወደ መስኮቱ ዞራ ሰማችው።

«እኔ ፀሐይ ያሳሳው ይመስለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «መጋረጃ ስቀል እያልኩ ስንት ተጣልቼዋለሁ።»

 ልጅቱ ከውጭ ገብታ ወጣች።

«ሲታጠብ ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

«ካልታጠበስ?»

መዝገቡ ሊዋሻት አልፈለገም። «ሱፍ ነው» አላት። «ብል ይበላዋል።»

ሪሐና የነጠላዋን ጫፍ ስታጣጥፍ ቆየች። እጠበውም አላለችውም፣ መልሰውም አላለችውም። እስኪ አርባው ይለፍ አለች።

አርባው አለፈ። ዱዓ የተደረገው ጂባ ላይ ነው። ከዚያ ሰኔ ገባ፤ በክረምት የሱፍ ምንጣፍ እንደማይደርቅ ሁለቱም ያውቃሉና ስለዚህ ነገር የሚያነሳ አልነበረም። የኢድሪስ ስልክ ሪሐና ጋ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀዳሚው ቁጥር እሱ ስለሆነ ደንበኞች አሁንም እዚያው ይደውላሉ። እሷ አድራሻቸውን ተቀብላ ለመዝገቡ ታስተላልፋለች፤ አንዳንዴ ኢድሪስን አገናኚኝ የሚላትም አለ። መዝገቡ ምንጣፍ ሲኖር ከመኪና ማጠቢያው ቶሌራ የሚባለውን ጎረምሳ አጋዥ ይጠራል። ቶሌራ ጉልበት አለው፣ ሰውም አክባሪ ነው። ግን ዝም ብሎ ያነሳል። መዝገቡ በስመአብ ብሎ ይጠብቃል፤ ከወዲያኛው ጫፍ መልስ የለም፤ ዘግይቶ ያነሳል። ወገቡን ይዞታል።

አሁን መስከረም ነው። ዝናቡ ቆሟል፤ ፀሐይዋ ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋን በግማሽ ቀን ታደርቃለች። የኢድሪስ ምንጣፍ መጋዘኑ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ የብል መድኃኒት በየመሃሉ ገብቶለት ቆሟል። አልታጠበም።