ያጨባበጥኳቸው ቀን

ያንን መጨባበጥ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልለመነኝም። ሁለት የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት አቁሜ፣ እጅ ለእጅ አያይዤ፣ የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ማሽኖቼ ተመለስኩ። ዛሬ ያንን ቀን ሳስበው በንዴት ጆሮዬ ይግላል። በክለቡ እናደዳለሁ፣ በካፒቴኑ እናደዳለሁ፣ በቢሮ ሰዎች እናደዳለሁ፤ ዞሮ ዞሮ ግን ንዴቱ ወደ እኔው ይመጣል።

ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው። ክለቡ አነስተኛ ፕሮፌሽናል ክለብ ነው፤ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ዴ ሞይን ከምትባል ከተማ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ይለማመዳል። ከደጋፊዎቹ ሌላ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። እዚህ ከመግባቴ በፊት ሲታክ ኤርፖርት አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ይህን አገኘሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥሩ የተጻፈበት ማሰሪያ አለው። ከልምምድ ሲወጣ ካልሲውን፣ ቁምጣውንና ማሊያውን ማሰሪያው ላይ ሰክቶ ጋሪ ውስጥ ይጥለዋል። እኔ ከነማሰሪያው አጥቤ፣ አድርቄ፣ መልበሻ ክፍል ገብቼ በልብስ ሣጥኑ፣ በሎከሩ ላይ እሰቅልለታለሁ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደለገመ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ ከልብሱ አውቃለሁ። ስለዚህ አላየሁም ማለት አልችልም።

ልጁ በመጨባበጡ ቀን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሬኒየር ቢች በሚባለው የሲያትል ሰፈር ያደገ የእኛው ልጅ። እናቱ ሲታክ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። በታክሲ ዘመኔ ዝናብ ሲበረታ ስንት ቀን ከሥራ ቤቷ አድርሻታለሁ። ልጇ እኔ ካለሁበት ክለብ መፈረሙን በስልክ የነገረችኝ እሷ ናት።

"ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ መኖርዎ እግዜር ያመቻቸው ነው። አደራ፣ ዓይንዎን ከሱ ላይ አይንቀሉብኝ" አለችኝ።

"ግድ የለሽም፣ እንደ ልጄ ነው የማየው" አልኳት። ይህን ያልኩበትን ቀን እረግመዋለሁ።

አዲስ ተጫዋች ኳስ መሸከሙና የልምምድ ምልክት የሚሆኑትን ኮኖች መልቀሙ የትም ያለ ነው፤ በእሱ አልከራከርም። በዚያ ዓመት የገቡት አዲሶች አምስት ነበሩ። ለአራቱ ነገሩ በሁለት ወር አበቃ፤ ለእሱ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጀምርም አላበቃም። ካፒቴኑ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ሳቁ ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ፣ ጋዜጠኛ ፊት ሲቆም ቅዱስ የሚመስል ሰው ነው። የልጁ እናት ኤርፖርት አካባቢ እንደምትሠራ ሰማና "ፓርኪንግ" ብሎ ስም አወጣለት። ጠዋት ጠዋት መኪናውን በር ላይ ያቆምና ቁልፉን ይወረውርለታል። ሌሎቹም ለመዱት። ልጁ የአራት አምስት ሰው መኪና ፓርክ አድርጎ እስኪመለስ ስብሰባ ይረፍድበታል። ላረፈደበት ደግሞ አሰልጣኙ ብቻውን ሜዳ ያስዞረዋል። የሚያረፍደው ለምን እንደሆነ አሰልጣኙ አያውቅም እንዳትሉኝ፤ የቢሮው መስኮት የሚያየው ፓርኪንጉን ነው።

ከዚያ ወደ ዕቃው መጡ። እናቱ የቋጠረችለትን ምስር ወጥ ከፍሪጅ አውጥተው ሎከሩ ውስጥ ደፉበት። የጫማውን ክር በመቀስ ቆራረጡት። ማሊያው ጀርባ ላይ በማርከር ስለ እናቱ ጻፉበት፤ የጻፉትን እዚህ አልደግመውም። አንድ የተማረ፣ ደሞዝተኛ፣ ልጆች ያሉት ሰው ቁጭ ብሎ ማርከር ከፍቶ እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ጊዜ ያገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? አጸዳሁ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ የምገባ እኔ ነኝና ልጁ ሳይደርስ ሎከሩን እወለውላለሁ። ማርከሩን በአልኮል ፈትጌ አስለቅቃለሁ። ከዕቃ ቤት አዲስ ክር አውጥቼ ጫማው ላይ አስገባለሁ። ካየው ይከፋዋል፣ ካላየው ይቀልለዋል ብዬ ነው። አንዳንዱን ደረስኩበት፣ አንዳንዱን እሱ ቀድሞኝ አየው።

አንድ ቀን ማሰሪያውን ሊያቀብለኝ ሲመጣ "ለምን ለአሰልጣኙ አትነግረውም?" አልኩት።

"ነግሬዋለሁ ጋሼ። 'ሎከር ሩም ውስጥ የሆነ ነገር እዚያው ያልቃል' አለኝ። ሶ፣ ኢትስ ፋይን።"

"ፋይን አይደለም" አልኩት። ከዚያ በላይ ግን አንድ እርምጃ አልሄድኩም።

የቴፑ ቀን መጋቢት ውስጥ ነው። ልምምድ አልቆ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ፣ አምስት ሆነው ልጁን ያዙትና ቁርጭምጭሚት በሚጠቀለልበት ቴፕ ከግቡ ቋሚ ጋር ጠፈሩት፤ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ። ካፒቴኑ የበረዶ ውኃ በባልዲ አምጥቶ ከራሱ ላይ አፈሰሰበት። ከዚያ ትተውት ወደ ሻወር ገቡ። አሰልጣኙ፣ ሐኪሙ፣ የቢሮ ሰዎች፣ ሁሉም ሜዳውን በሚያየው የሕንፃው ትልቅ መስታወት ላይ ተሰብስበው ይስቁ ነበር። እኔ መቀስ ይዤ ወጣሁ። ቴፑን ስቆርጥለት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ወደ ማጠቢያ ክፍል ወስጄ ከማድረቂያው የወጣ ትኩስ ፎጣ ደረብኩለት። አላለቀሰም።

"ሪፖርት አደርጋለሁ" አለኝ። "ኤጀንቴን አሁን ኮል አደርጋለሁ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ያቀብለው ነበር። እኔ ግን በእድራችን ውስጥ ሦስት ባልና ሚስት፣ ሁለት የሱቅ ሸሪክ ያስታረቅሁ ሰው ነኝ። ሰው ተጣላ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው እኔ ነኝ፤ ይህም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ነገር ሳይሰፋ፣ ወሬው ሳይወጣ ማብረድ ሥራዬ ነው። እዚህ ምን የሚበርድ ጠብ ነበረ? ጠብ ለመባል እኮ ሁለቱም መጣላት አለባቸው። አምስት ሰው አንዱን አስሮ ሲስቅበት ስሙ ሌላ ነው። ያኔ ግን ያየሁት ሁለት የተቀያየሙ ሰዎችን ብቻ ነበር፤ እጄ እንደለመደው ሠራ።

"ቆይ፣ ታገሥ" አልኩት። "ክስ ውስጥ ከገባህ ኮንትራትህን አያድሱልህም። ካፒቴኑን እኔ አናግረዋለሁ።"

"ኖ፣ ጋሼ። አልፈልግም።"

"ስለ እናትህ ብለህ።"

በእናቱ ከለመንኩት እምቢ እንደማይለኝ አውቄ ነው የለመንኩት።

ካፒቴኑን ፀጉሩ ሳይደርቅ ጠራሁት። ማስቲካ እያኘከ መጣ፤ ሁለት ጓደኞቹ ተከትለውት በሩ ላይ ቆሙ። በእንግሊዝኛዬ ይህ ልጅ እንደ ልጄ እንደሆነ፣ እሱም ታላቅ ወንድሙ እንደሆነ፣ ወንድማማች መካከል ቂም እንደማያስፈልግ ነገርኩት። ካፒቴኑ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። "ከከፋህ ይቅርታ፣ ቀልድ ነበር" አለውና እጁን ዘረጋ። ልጁ አልዘረጋም። የእሱን ክርን ይዤ ወደ ፊት የገፋሁት እኔ ነኝ። ተጨባበጡ። ካፒቴኑ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ሽማግሌው" አለኝ። ደስ አለኝ። ልጁ ፎጣውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሳያየኝ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባሰ እንጂ አልተሻለም። አሁን እንደውም "ታርቀናል እኮ" እያሉ ነው የሚያደርጉት። ልጁ ሦስት ሳምንት ታገሠና ሳይነግረኝ በጽሑፍ ከሰሰ። ክለቡ ጉዳዩን ይመረምራል ተባለ። እኔም ተጠራሁ።

ምርመራውን የያዘችው የቢሮ ሴትዮ ጨዋ ናት፤ ውኃ ሰጠችኝ። ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች ትጠይቀኛለች። ማሊያው ላይ ተጻፈ የተባለው አለ ወይ? አጥቤዋለሁ። ሎከሩ ውስጥ የተደፋው ፎቶ አለው? ወልውዬዋለሁ። የተቆረጠው ክር? ጥዬዋለሁ። መልሴን ስሰማው ለካፒቴኑ ተቀጥሬ ስሠራ የከረምኩ መሰለኝ። ሰው ማስረጃ ለማጥፋት ቢያስብ እንኳ እንደኔ አጥርቶ አያጸዳም።

"ካፒቴኑ ጉዳዩ በአንተ ፊት በዕርቅ አልቋል ይላል። ተጨባብጠዋል?" አለችኝ።

"አዎ፣ ግን..."

"አዎ" የምትለዋን ቃል ስትጽፍ ጣቷን አየሁት። "ግን" የምትለዋን አልጻፈቻትም። ወዶ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም፣ ክርኑን የያዘው ማን ነው አላለችም። አመሰግናለሁ ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ውሳኔው በአንድ አንቀጽ መጣ። በባልደረቦች መካከል የተደረገ ቀልድ ነው፣ በሁለቱም ስምምነት አልቋል፣ ከሳሹ ከታረቀ በኋላ ነገሩን መልሶ በማንሳቱ የቡድኑን መንፈስ አውኳል። የቡድን መንፈስ! ቴፕ ሲጠቀልሉት የት ነበር ያ መንፈስ? በወሩ ልጁን አሰናበቱት። ሌላ ክለብ ስለ እሱ ሲጠይቅ "ችግር ፈጣሪ ነው" የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እግር ኳስ በሩን ዘጋበት። ካፒቴኑ በዓመቱ መጨረሻ የመልካም መሪነት ሽልማት ተሸለመ። ማሊያው ፍሬም ውስጥ ገብቶ ሊሰቀል ነውና ጥሩ አድርገህ እጠብልን ተባልኩ። አጠብኩ።

በቀጣዩ ዓመት በጋ ላይ እናቱ ኮል አደረገችልኝ። የተጫዋቾች ማኅበር ጉዳዩን እንደገና ለማየት ተስማምቷል፤ የዓይን ምስክር የሚሰጥ ሰው ግን ይፈልጋል። ከተጫዋቾቹ አንድም ሰው እሺ አላለም።

"ጋሼ፣ ሥራዎን ያሳጣዎታል ብዬ ፈርቼ ነው እስካሁን ያልደወልኩ" አለችኝ።

ሥራዬን እንዳላጣ የምትፈራልኝ እሷ ናት። ምስክርነቴን እጽፋለሁ አልኳት። ያን ሳምንት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ። መኪናውን፣ ወጡን፣ ክሩን፣ ማርከሩን፣ ቴፑን፤ ማስረጃውን ሁሉ ያጠብኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መጨባበጡን በግድ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። ሳልፈርም በፊት እሱ እንዲያየው ፈለግኩና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሬኒየር ቢች ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

እናቱ ገና በር ላይ አቅፋ ሳመችኝ። ልጁ ሶፋው ላይ ነበር። ከስቷል፤ ጢሙን አሳድጓል።

"ተነሥ እንጂ፣ ጋሼን ጨብጥ" አለችው። "ያለፈው አልፏል።"

እየተነሣ ነበር። እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩ።

"የለም፣ እንዳትጨብጠኝ" አልኩት። "መጀመሪያ ይህን አንብበው። ከዚያም ካልፈለግክ አትጨብጠኝ።"

እናቱ ግራ ተጋብታ ሁለታችንንም አየች። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ አነበበ፤ ሁለተኛውን ገጽ ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ ቴፑ ያለበት ላይ ቆመ።

"አንድ ነገር ቀርቷል" አለ።

"ምን ቀረ?"

"እዚህ ላይ ሌሎቹ መስታወት ጋ ቆመው ይስቁ ነበር ይላል። ኦኬ። አንተም እዚያ ነበርክ ጋሼ። ውኃውን ሲያፈሱብኝ ወደ መስታወቱ ነበር የማየው፤ አንተን ነበር የምፈልገው። ትስቅ ነበር።"

ላስተባብል አፌን ከፈትኩ። ትዝ አለኝ። ሐኪሙ ከጎኔ ቆሞ አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ከነሱ ጋር ሳቅኩ። ምን እንዳለ እንኳ በደንብ አልሰማሁትም ነበር። የልጁ ከንፈር ሲጠቁር ሳይ ነው መቀስ ፍለጋ የሮጥኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለራሴ ስተርከው ሁልጊዜ ከመቀሱ ነበር የምጀምረው።

እናቱ አሁንም ቆማለች፤ ጋሼ አላለችኝም፣ ተቀመጡም አላለችኝም። ልጁ ከቴሌቪዥኑ ሥር እስክሪብቶ አንሥቶ አቀበለኝ። እንደቆምኩ ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ልጄ አሳምራ ከጻፈችው መስመር በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ፣ በራሴ መጥፎ እንግሊዝኛ "እኔም ሳቅኩ" ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ፈረምኩ።