አጥር የሚጋሩን አዛውንት

ቴምፕል የሚባለው የባዕድ አገር ሰፈር በገባን ሰሞን፣ አጥር የሚጋሩን አዛውንት ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ጉድ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። ከህንድ ገጠር ያመጣቸው ልጃቸው ነው። ብርቱካናማ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በረጅሙ ቀሚሳቸው ላይ የልጃቸውን ወፍራም ጃኬት ደርበው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው በየጠዋቱ ግቢያችንን ይቃኛሉ። በረዶውን እያዩም «ጉድ» ይላሉ። በዚህ እኛም እንስማማለን።

ሰኔ ላይ ያጨድኩትን ሣር ፌስታል ውስጥ ስጠቀጥቅ አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ብዙ ተናገሩ።

«ሶሪ» አለች ልጅቷ አፍራ። «ለምን ትጥሉታላችሁ እያሉ ነው። ላሞቻችሁ መቼ ነው የሚመጡት ይላሉ።»

ባለቤቴ ፀሐይነሽ ገጠር ያደገች ናት፤ አልሳቀችም። «ላም የለንም በያቸው። ልጅ ሆኜ ግን አንዲት ነበረችን፤ ዳለቻ ነበር የምንላት።»

ልጅቷ ተረጎመችላቸው። አዛውንቱ አራት ጣታቸውን ዘረጉና አንድ በአንድ እያጠፉ አራት ስም ጠሩ። አራተኛዋ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ትተዋቸው የመጡ ላሞች ናቸው» አለች አያቷን እያየች። «ስድስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም።»