የአማቴ ድድና የሐራ ማር

አማቴን እስክትቀበር ድረስ አንቱ ብያታለሁ። አሁን ግን እሷ ብዬ ነው የምጽፋት፤ የሚከፋው ካለ ይከፋው። አንቱታው የአገሩ ደንብ እንጂ የልቤ አልነበረም፣ ይህን እሷም ታውቀዋለች።

ከውርጌሳ ተድሬ መርሳ የገባሁት በንጉሡ ዘመን፣ ከድርቁ ቀደም ብሎ ነው። ባሌ ከገበያ ገበያ እየዞረ ጨርቅ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ነበር። ዝምታውን መጀመሪያ ጨዋነት ብዬው ነበር፣ ሞኝ ነበርኩና። ቤቱ የእናቱ፣ ጓዳው የእናቱ፣ እሱም የእናቱ ነው። እሷ ደግሞ የእህቷን ልጅ ልትድርለት አስባ ኖሮ፣ ገና ደጃፉን ስረግጥ ጥርሷ ውስጥ ገባሁ።

አማቴ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳ ነበር። እውነቱን ልናገርና እንደዚያ የሚያምር ጥቁር ድድ አላየሁም። ስትስቅ ነጩ ጥርሷ ቦግ ይላል። ይህን ስለምታውቅ ሰርግ ቤት ገብታ ለማያስቀውም ትስቃለች። እኔ ሳልነቀስ ነው የተዳርኩት፤ ስለዚህ በሰው ፊት «የጥጃ ድድ» እያለች ትጠራኛለች። ሴቱ ይስቃል፣ እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እርር ድብን እላለሁ።

ሴት ልጄን በወለድኩ በዓመቱ ያ የምትኮራበት ድድ መድማት ጀመረ። መፋቂያዋን ከአፏ ስታወጣው ጫፉ ቀልቶ ይወጣል። ቆየት ብሎ ድዷ አበጠ፣ ከጥርሷ ሸሸ፣ መግል ቋጠረ። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ወደ በሩ ማዞር ጀመረ። በእኛ አገር ድድ ሲደማ መልሶ መነቀስ ነው፤ ንቅሳት ጌጥም ፈውስም ነው ይባላል። ግራና ከምትባል አገር አንዲት ነቃሽ ተጠርታ መጣችና ያንን የቆሰለ ድድ በመርፌ ወጋግታ ጥላሸት ቀባችው። ቁስሉ ይደርቃል ቢሉ ይደርቃል ቢሉ እምቢ አለ። ፊቷ ዱባ አከለ። ከዚያ ቂጣ ስታኝክ የፊት ጥርሷ ቂጣው ላይ ቀረ፤ ሳምንት ሳይሞላም ጎረቤቱ ተከተለው።

ይኼኔ ጥፋተኛ ተፈለገ። ሩቅ አልሄዱም፣ እኔው ጓዳ ነበርኩ።

«መድኃኒት አብልታኝ ነው» አለች። «ጥርሴን ያረገፈችው እሷ ናት፤ በድዴ ቀንታ።»

ለእንግዳ ያቀረበ ሰው ፊት ለፊት ቀምሶ መስጠቱ የቆየ ደንብ ነው፤ ከሚጠጣው መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ፣ ከሚበላውም ጥቂት ተቆንጥሮ ይቀመሳል። ማክበር ነው። እሷ ግን ማክበሩን ችሎት አደረገችው። «ቅመሺ» ትለኛለች፣ እቀምሳለሁ። «ዋጪው» ትላለች፣ እውጣለሁ። «አፍሽን ክፈቺ» ትላለች። ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ፣ ባሌም እግሩን አጣጥፎ እያየ፣ እንደሚሸጥ በቅሎ አፌን እከፍታለሁ። አንድ ቀን እንኳ «እማዬ፣ ተይ» አላላትም።

ቀምሼም አላመነችኝም። በኋላ ጭራሽ የእጄን መብላት ተወች። ሐራ የተዳረች ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ማር በማሰሮ፣ አፉን በጭቃ መርጋ ትልክላታለች። ጭቃው እንዳልተነካ በጣቷ ዳስሳ ራሷ ትከፍተዋለች። ጠዋት ማር፣ ቀን ማር፣ ማታ ማር። ይጠማታል፤ ሲጠማት ማሩን በውሃ በጥብጣ ብርዝ ትጠጣለች። ብርዙን በጠጣች ቁጥር ደግሞ ይብስ ይጠማታል። ያቺ ደንዳና ሴትዮ እየከሳች ቀሚሷ እላይዋ ላይ ተንጠለጠለ። ሰው «ምራቷ እየገደለቻት ነው» አለ። በዓይኑ እያየ ምን ይበል?

ከዚያ ጉንዳኑ መጣ። ውሃ ሽንት ያጣድፋት ነበርና ከቤቱ ጀርባ፣ ከቁልቋሉ ሥር ትቀመጣለች። ቦታውን ጉንዳን ወረረው፤ ጥቅጥቅ ብሎ አፈሩ አይታይም። አማቴ አየችና አገር ይያዝልኝ አለች።

«ድግምቱን የቀበረችው እዚህ ነው። ጉንዳኑ የሚበላው የኔን ሥጋ ነው።»

የመንደሩ ሽማግሌዎች መጡ። ከሁሉ የሚከበሩት አንድ ሸህ ቆፍሩ አሉ፣ ተቆፈረ። ወገብ እስኪውጥ ተቆፈረ። ጉንዳንና ድንጋይ እንጂ ሌላ አልተገኘም። ነጻ ወጣሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን «ቀድማ አውጥታዋለች» አለች፤ ሰዉም ይህንኑ ተቀበለ። ባዶ ጉድጓድ የሚያስፈርድብኝ እኔ ብቻ ነኝ።

በማግሥቱ ተቀምጠው ነገሩን ቆረጡት። በቁርዓን እንድምል፣ ከዚያ ከቤቱ እንድወጣ፣ ልጄ ግን ከአባቷ ቤት እንድትቀር። ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። ልጄን ለዚያች ሴትዮ ትቼላት ልሄድ ማለት ነው፤ በዚያ አፏ «እናትሽ ጠንቋይ ናት» እያለች ልታሳድግልኝ። ደሜ ፈላ። ባሌን አየሁት። ምንጣፉን አየ።

ያተረፉኝ እኚያው ያስቆፈሩት ሸህ ናቸው፣ ሊያተርፉኝ ብለውም አይደለም። «መሐላ ከባድ ነው» አሉ። «አስቀድማ ወልዲያ ሐኪም ቤት ትታይ። መርዝ ከሆነ ሐኪሙ ያገኘዋል። ተከሳሿም ትሂድና በጆሮዋ ትስማ።» አማቴ ደስ አላት፤ በነጋታው አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ነው መኪና የጠበቀችው። ልጄን አዝዬ፣ ሸሁና ባሌ ከፊት፣ በጭነት መኪና ወልዲያ ገባን። መንገዱን ሙሉ ብርዟን ከቅል እየተጎነጨች ወደ እኔ ታይ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አፏን ከፍቶ አየና በመጀመሪያ ስለ ጥርሷ አልጠየቃትም።

«እናቴ፣ ውሃ ይጠማዎታል?»

«መርዙ ነዋ የሚያስጠማኝ።»

«ሽንትስ ያጣድፍዎታል?»

«እሱንም ያደረገችው እሷው ናት» አለች፣ በአገጯ እኔን እየጠቆመች።

«የሚሸኑበት ቦታ ጉንዳን ይሰበሰባል?»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉና ቀስ ብለው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። «ልጄ፣ እኛ ቆፍረነዋል።»

ሐኪሙ ሽንቷን ተቀብሎ ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በብልቃጥ አድርጎ እሳት ላይ ያዘው። ሰማያዊው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ኋላ እንደ ሸክላ አፈር ቀይ ሆነ። ብልቃጡን ለሁላችንም አሳየን። ስኳር የሚባል በሽታ ነው አለ። ደሟ በስኳር ተጥለቅልቋል፤ ደም ስኳር ሲበዛበት የድድ ቁስል አይሽርም፣ ያመረቅዛል፣ ጥርስ ይለቃል። የመረቀዘ ድድ ደግሞ በተራው ስኳሩን ያብሰዋል፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ ነው እዚህ ያደረሳት። በመርፌ መነቀሱ ቁስል ላይ ቁስል ጨመረ እንጂ ምንም አልረዳም።

«ምንድን ነው የሚመገቡት?» አላት።

«ማር ብቻ» አለች ኮራ ብላ። «በእሷ እጅ እንዳልሞት።»

«እናቴ፣ የሚገድልዎትስ ማሩ ነው።»

አላዘንኩላትም። ጨካኝ የሚለኝ ይበለኝ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ እዚያው ሐኪሙ ፊት አጠባኋት።

ስንመለስ ባሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንግዲህ ተገላገልሽ» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ኖሮ ያወጣት ቃል ይህች ናት። «አፍህን ዝጋ» አልኩት። ለእሱ ቀላል ነበር፣ ዘጋው።

መርሳ እንደደረስን ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና አፉ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ አሉን። እኔ እንድቀር ተፈረደ፤ የኔው ቤት እንደ ምሕረት ተሰጠኝ። አማቴ ግድግዳውን እያየች ምንም አላለችም። ዝምታዋን እንደ ይቅርታ ቆጥረው ዱዓ አደረጉ። እኔም አፉ ብያለሁ አልኩ፣ በአፌ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስታማት? እኔው። የሐራዋ ልጇ ማር ይዛ ስትመጣ ደጃፍ ላይ አስቁሜ ማሰሮውን እንደያዘች መለስኳት። አማቴ «ማሬን ቀማችኝ፣ ሐኪሙን ገዝታዋለች» እያለች ለጎረቤት አለቀሰች። አለቀሰችም አላለቀሰችም፣ የገብስ ቂጣ፣ ጎመን፣ ምስር አበላኋት። ሐኪሙ ያዘዘውን ክኒን በሰዓቱ አስዋጥኳት። ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ የጨው ውሃ ትጉመጠመጥና እኔ በያዝኩት ሳህን ትተፋለች። ሁሉንም አስቀድሜ ቀምሼ ነው የምሰጣት፣ የጨው ውሃውን ሳይቀር። አፌንም ሳልጠየቅ ከፍቼ አሳያታለሁ።

ጥማቱ ቀነሰ። እብጠቱ ጎደለ፣ መግሉ ደረቀ፣ የቀሩት ጥርሶቿም ጸኑ። ጠረኑ ሲጠፋ ጎረቤቱ ተመልሶ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቀን ምሳዋን ሳቀርብላት እጄን ያዘችው።

«ተይ» አለች። «አትቅመሺ፣ ልጄ።»

ልጄ ብላኝ አታውቅም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ግን ያ የጎረቤት ሳቅ፣ ያ ጉድጓድ፣ ያቺ የጡት ልጄ ነው ፊቴ የመጣው። እጄን አስለቅቄ ቆርሼ ቀመስኩ፣ ዋጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ። በማግሥቱም እንዲሁ። ዓመታት እንዲሁ። ለምናኛለች፣ ሸሁን ልካብኛለች፣ ተቆጥታኛለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሰው እንዴት ያለች አክባሪ ምራት ይለኝ ነበር። እኔና እሷ ብቻ እናውቀዋለን።

የሞተች ዕለት ጠዋት ውሃ ጠየቀችኝ። አፏ ደርቆ ቃል አይወጣትም፣ በዓይኗ ነው። ጣሳውን ይዤ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። ባሌ «ስጫት እንጂ» አለኝ። እሷ ግን እጇን አልዘረጋችም። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እስክቀምስ፣ አፌን ከፍቼ እስካሳያት ድረስ ጠበቀችኝ።