ኦቦ ገመቹን የረታሁበት ዓመት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝም ለዚህ ይሆናል።

ሲነገር ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው ሲታመም እያየሁ፣ ስጠየቅ «አልታመሙም» አልኩ። ይኸው ነው።

አምቦ ተወልጄ ያደግኩ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ሱዶኩን ያወቅኩት ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ነው። ስልካችን ዝም ሲል እኛም የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን። ጎረቤቴን ኦቦ ገመቹን ግን ምንም አልመሰላቸውም። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሌንሳ አዲስ አበባ ትዳር ይዛለች። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሌንሳ የላከችላቸውን የሱዶኩ መጽሐፍ በእርሳስ ሲሞሉ ነበር የማያቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በአጥሩ በኩል ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ነይ ግቢ» አሉኝ። «ይሄ ነገር ቆመው ሲያዩት አይገባም።»

ገባሁ። ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነ ሰንጠረዥ ነው። በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየትንሹ ሳጥን ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች ሳይደገሙ መግባት አለባቸው። ጥቂቶቹ ተሞልተው ይሰጣሉ፤ የቀሩትን ፈልጎ ማግኘት ነው። ቀላሉን ቶሎ ለመድኩት። ከባዱ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰዓት አፍጥጠውበት አንድ ቁጥር አይታይም። ሲጨንቀኝ እገምት ነበር። የገመትኩት ሲያምርልኝ ይቆይና መጨረሻ ላይ ሁለት ሰባቶች አንድ ረድፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁሉም ይበላሻል። ኦቦ ገመቹ አይቆጡም። ላጲሱን ያቀብሉኛል።

«ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሱታ፣ ቀስ በይ። አትገምቺ። ቁጥሩ የሚገባበትን ተይውና የማይገባበትን ፈልጊ።»

በየባዶው የሰንጠረዥ ቤት ጥግ ላይ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች አሳንሼ መጻፍ አስተማሩኝ። በአንድ ረድፍ ያሉ ሁለት ቤቶች ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ከተጋሩ፣ የትኛው የት እንደሚገባ ገና ባይታወቅም ከረድፉ ሌሎች ቤቶች እነዚያን ቁጥሮች መሰረዝ እንደሚቻል ያሳዩኝን ቀን አልረሳውም። ሰረዝኩ። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ቀረ። ከእሱ ሌላው፣ ከሌላው ደግሞ ሌላው እየተፈታ ወረደ። ከአሥረኛ ክፍል ሒሳብ የጣለኝ ሴትዮ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። እሳቸው ከኔ በላይ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ሰንጠረዥ በሁለት ቅጂ ፎቶ ኮፒ እያስነሳን መወዳደር ጀመርን። ሁልጊዜ ይቀድሙኛል። ጨርሰው እርሳሳቸውን ያስቀምጡና ከመንገዱ የሚያልፈውን ባጃጅ እያዩ ይጠብቁኛል። እኔም ማታ ራት እየሠራሁ በሐሳቤ ሰንጠረዥ እሞላለሁ። አንድ ነገር ላይ እንዲህ ብርቱ ሆኜ አላውቅም።

ከዓመት በኋላ ቀደምኳቸው። ቢሮ ገብቼ ለሁሉም አወራሁ፤ «የሒሳብ አስተማሪውን ረታኋቸው!» አልኩ። ለባሌ ነገርኩ፤ ለእህቴ ደውዬ ነገርኩ። በማግሥቱም ቀደምኳቸው። ከዚያ በኋላማ አንድም ቀን አልቀደሙኝም።

ምክንያቱን ያየሁት ወረቀታቸውን ሳነሳ ነው። አንድ ረድፍ ላይ ሁለት አራቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሕይወታቸው ገምተው የማያውቁት ሰው ሁለቱን አራቶች አላዩዋቸውም። ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩ። በሌላ ቀን ራሳቸው ጥግ ላይ አሳንሰው የጻፏቸውን ቁጥሮች እያሳዩኝ «እነዚህን ማን ነው የጻፋቸው?» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ በሚስታቸው ስም ጠሩኝ፤ አላረምኳቸውም።

አውቄያለሁ። አልገባኝም ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አውቄያለሁ። አውቄ ምን አደረግኩ? ወደ ቤት ሲገቡ ጠብቄ በላጲስ ስህተታቸውን አጥፍቼ ትክክለኛውን ጻፍኩላቸው። ተመልሰው ሲያዩት ደስ አላቸው። ይህን ከአንድ ቀን በላይ አደረግኩት። አዝኜላቸው ነው እንዳልል፣ ያዘነ ሰው ለልጃቸው ይደውል ነበር።

ሌንሳ ለፋሲካ መጣች። በረንዳው ላይ የተከመሩትን የተሞሉ ወረቀቶች አየች። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባዬ ልክ አልመሰለኝም። ትናንት ስሜ ጠፍቶበት ሲፈልግ ቆየ። አንቺ በየቀኑ ታይዋለሽ፤ ምን ትያለሽ? ይዤው ልሂድ?»

«ኧረ ምን ነካሽ! ያን ከባድ ሱዶኩ የሚፈታ ሰው ይረሳል? ከኔም ካንቺም የተሻለ ጭንቅላት ነው ያላቸው። ዕድሜ ነው እንጂ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ቀለል አላት። አቅፋኝ ሄደች።

ለምን ዋሸሁ? ይዛቸው እንዳትሄድ ፈርቼ ነው፤ ይህ አንዱ ነው። ግን እሱን ብቻ ብናገር አሁንም መዋሸቴ ነው። ኦቦ ገመቹ ታመዋል ካልኩ የረታሁት ማንን ነው? በሽተኛ ሽማግሌ ነው የረታሁት። በዕድሜዬ አንድ ነገር አሸንፌ፣ ያችን ድል ላለማጣት ነው የሰውን አባት የሸጥኩት።

ክረምቱ ሳይወጣ ኦቦ ገመቹ አንድ ጠዋት ከቤት ወጡ። ሚኒባስ ተሳፍረው፣ በወጣትነታቸው ያስተማሩበት ጊንጪ ወረዱ። ያያቸው ሰው «ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው» እያሉ መንገድ ሲጠይቁ ነበር አለ። መንገዱን ስተው ጭልሞ ጫካ ገቡ። ሌንሳ መጣች፤ ባሌና እኔ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ወጥተን ፈለግን። ያገኟቸው የጫካው ጠባቂዎች ናቸው፤ ጽድ ሥር ተቀምጠው፣ ዝናቡ አጥንታቸው ድረስ ገብቶ። ሆስፒታል ሲደርሱ በሕይወት ነበሩ። ብርዱ ሳንባቸውን መትቷቸው ስለነበር አልተነሱም። ሌንሳን ሳያውቋት ሞቱ።

እኔ ምንም አልተሰማኝም። አልቅሺ ብዬ ራሴን አዘዝኩት፤ እንቢ አለ። ድንኳን ሲተከል ወንበር ደረደርኩ፤ ውሃ ቀዳሁ፤ ለእንግዳ ምግብ አቀረብኩ። ሰዉ «እንደ ልጅ ሆነችላቸው» አለ። ሰማሁና ሳህኑን ይዤ አለፍኩ።

ከቀብር በኋላ ሌንሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ለሴቶቹ ስትናገር ሰማኋት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ልቤ ነግሮኝ ነበር። አባቴን ጥዬው ሄድኩ» አለች። እጄን ያዘችና «እሷ እንኳ ቀን በቀን አብራው ውላ አላወቀችም። ልጁ ነበርኩ፤ እኔ ነበርኩ ማወቅ ያለብኝ» አለች።

አፌ ውስጥ ነበር። እኔ አውቅ ነበር፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ዋሽቼሽ ነው፤ ይኸው ነበር የሚባለው። ሴቶቹ አዩኝ። «አይዞሽ» አልኳት፤ እንባዋን በነጠላዬ ጠረግኩላት። የመጀመሪያው ውሸቴ አባቷን ገደለ ብል፣ ሁለተኛው እሷን ነው የቀበረው። የኔን ዕዳ በትከሻዋ ጭኜ ላክኋት። እስከ ዛሬም ተሸክማዋለች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ጨዋታ ነበር፣ ሐኪም አይደለሽ፣ ዕድሜያቸው ነበር የሚለኝም ካለ ይተወው፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬው አይቻለሁ፤ አልሠራም።

ሌንሳ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ባለፈው ገና ስትደውል እንቅልፍ አልወስድ እንዳላት ነገረችኝ። «ምነው ያን ጊዜ ይዤው በሄድኩ» አለች።

«ተይ እንጂ ሌንሳ» አልኳት። «ማን ያውቅ ነበር?»

እኔ አውቅ ነበር።