ለሩቆቹ የተላለፈው ስብሰባ

ምፖሎኬንግ ራማካትሳ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመንደራችን ከሃ ፎኮ ፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጣለች። በእኛ በሌሶቶ ተራሮች ወንዱ ለማዕድን፣ ሴቷ ለሰው ቤት ሥራ ጆሃንስበርግ ትወርዳለች፤ የቀረው ሰው ደብዳቤ ይጠብቃል። ማንበብ ለማይችሉት የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ወሬው ክፉ ሲሆን መጀመሪያ በሩን ትዘጋለች፣ ከዚያ ወንበር ታቀርባለች። "አንብቢው እንጂ፣ ምን ታስቀምጪኛለሽ!" ብለው የጮሁባት ብዙ ናቸው። መልስ ሳታስጽፍ ግን ማንንም አትለቅም። "እዚያ ማዶ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል" ትላለች።

እንግዲህ ይህን የምነግራችሁን ስህተት የሠራችው ይህችው ሴት ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር።

ግድቡ ሲሠራ መንደሩ ወደ ጉብታው እንዲነሳ ተወሰነ። ለሕያዋኑ አዲስ ቤት ተሰጣቸው፤ ሙታኑ ታች ቀሩ። ውሃው ሳይሞላ የማን አፅም ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ለመነጋገር ቤተሰቦቹ ማኅበር አቋቋሙና ምፖሎኬንግን ጸሐፊ አደረጓት። አፅሙ የሚነሳው በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ ሙት ብቻ ነው። የትልልቆቹ መቃብር ችግር አልነበረበትም፣ ድንጋይ አለው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ነገር ግን ሌላ ነው። እነሱን የሚቀብሩት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ በጓሮ፣ ያለ ድንጋይ። ወንድ ቦታውን አያውቅም፤ በወንድ ፊትም ከእናትየዋ በቀር ጉዳዩን የሚያነሳ የለም።

የምፖሎኬንግ ታናሽ እህት ሊኔዎ እንዲህ ያለች ልጅ ነበረቻት። ከእሷ በኋላ ሌላ አልወለደችም። ሕፃኗ የተቀበረችው በአሮጌው ቤታቸው ጓሮ፣ ከከብት በረቱ አጠገብ ከተደረደሩት የኮክ ዛፎች በአንዱ ሥር ነው። የትኛው ዛፍ እንደሆነ የሚያውቁት ሊኔዎና በሕይወት የሌለችው እናታቸው ብቻ ነበሩ።

"እትዬ፣ ልጄን ውሃ ሥር ትቻት አልኖርም" አለች ሊኔዎ ከጆሃንስበርግ ደውላ። "ለስብሰባው መጥቼ ራሴ እናገራለሁ።"

ስብሰባው ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንደገና ደወለች። የምትሠራላቸው ሴትዮ ታመው ፈቃድ ከልክለዋታል። እንደሷ መምጣት ያልቻለው ከአባላቱ ግማሽ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነው ኮሚቴው ስብሰባው ለሩቆቹ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ የሚለውን እንድታጠና ምፖሎኬንግን የላካት። የፖስታ ቤት ሰው አይደለች እንዴ? ከእሷ የተሻለ ማን አለ?

ሥራዋን በደንብ ሠራች፣ ይህን አልክድም። ኔትወርኩ የት ድረስ እንደሚደርስ ለማየት ጉብታውን በእግሯ ዞረችው። ከአባላቱ የትኛው ደህና ስልክ እንዳለው የታክሲ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። የሁለት ሰዓት ስርጭት ምን ያህል ዳታ እንደሚበላ አጣርታ በወረቀት ጽፋ አቀረበች።

"ያዩናል?" አለ ሊቀመንበሩ ንታቴ ሴኮአላ፤ ንታቴ በእኛ አባት ማለት ነው፣ ሜ ደግሞ እናት።

"ያዩናል። ጥርት አድርገውም ይሰሙናል።"

"እንግዲያስ ምን ቀረ!"

"ቆይ፣ እኔ አልገባኝም" አለች አሮጊቷ ሜ ማሌፉ፣ ብርድ ልብሷን እየሰበሰበች። "እኔ የምናገረው የሰው ፊት እያየሁ ነው። የእነሱን ፊት ከየት አመጣዋለሁ?"

"አንቺ ስታወሪ ፊቱን የማያዞር አለ እንዴ፣ ሜ ማሌፉ?" አለ ሴኮአላ። ሁሉም ሳቀ፣ ምፖሎኬንግም ሳቀች። ማሌፉ "ሳቁ፣ ሳቁ" አለች። ጥያቄዋ ከወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ማንም አልጻፈውም።

ለስርጭቱ የተመረጠው የምፖሎኬንግ ስልክ ነበር። ለሙከራ ያህል ሲከፍቱት ሰው ደውሎ ምስሉ ተቋረጠ። ስለዚህ በስብሰባው ቀን ማንም እንዳይደውልበት ጥሪውን ዘጋችው። ይህን ራሷ በማሰቧ ደስ ብሏት ነበር። ስልኩን ከሰዉ ጎን በተተከለ እንጨት ላይ አሰሩት፤ ካሜራው ሊቀመንበሩና ጸሐፊዋ ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ፣ ምስሉ የሚታይበት መስታወት ደግሞ ማንም ወደማይቀመጥበት ግድግዳ።

በሃ ፎኮ ጉዳይ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ሦስቴ ተጠይቆ ዝም ያለ ተስማምቷል፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሴኮአላ ዝርዝሩን አንብቦ ጨረሰና "ያልተጻፈ ሙት ያለው አለ?" አለ። ሰዉን ቃኘ፣ ከዚያም ወደ ስልኩ ዞረ። "እናንተስ፣ የጆሃንስበርጎቹ?"

ዝምታ ሆነ። ምፖሎኬንግ ብዕሯን ይዛ ቀና አለችና ስልኩን አየችው። ሊኔዎ እያየች ነው፣ መናገር ብትፈልግ በሆነ መንገድ ትናገር ነበር ብላ አሰበች። ጥሪውን በራሷ እጅ እንደዘጋችው በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም።

ሁለተኛ ተጠየቀ። ሦስተኛ ተጠየቀ። ምናልባት ሊኔዎ ሐሳቧን ለውጣ ይሆናል፣ ምናልባት ሕፃኗን ከመቀስቀስ መተዉ ይሻላል ብላ ይሆናል። እናትየዋ ዝም ያለችበትን ነገር በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት ማንሳት እህቷን ማዋረድ መስሎ ተሰማት። አቀርቅራ ፈረመች።

ሲያበቃ ስልኩን ፈትታ ጥሪውን መልሳ ከፈተች፤ በተዘጋበት ጊዜ የተደወለው ስለማይመዘገብ አንድም ጥሪ አላየችበትም። ሊኔዎም በማግስቱ አልደወለችም፣ በሳምንቱም። ምፖሎኬንግ መጠየቅ አልደፈረችም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። አፅሞቹ ተነሱ፣ ካህኑ ጸለየ፣ በሬ ታረደ። የዓመቱ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በጓሮዎቹ በኩል ገብቶ፣ ቤቶቹን አልፎ፣ እስከ ጉብታው ወገብ ወጣ።

ሊኔዎ የመጣችው ለፋሲካ ነው። ምሳ በልተው ሁለቱ እህትማማቾች ወደ ውሃው ዳር ወረዱ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች ሊኔዎ። "ለምን ዝም አልሽ?"

"እኔ? ዝም ያልሽውማ አንቺ ነሽ!"

ሊኔዎ መጀመሪያ የምትቀልድባት መስሏት ፊቷን አየቻት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ያን የስብሰባውን ቪዲዮ ከፈተችና ገጹን ወደ ታች አንሸራታ ሰጠቻት። ከሥሩ ስብሰባው እየተላለፈ ሳለ ሰዎች የጻፉት አለ። ምፖሎኬንግ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ እንኳ አታውቅም ነበር።

"እኔ አለኝ። ሊኔዎ ነኝ" ይላል አንዱ። ቀጥሎ፦ "እትዬ፣ ስልክሽ እንቢ አለኝ። አንቺ ንገሪልኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ። በበረቱ በኩል ሦስተኛው ዛፍ ነው።" የመጨረሻው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "እትዬ፣ እያየሽኝ እኮ ነው።"

"አየሽኝ" አለች ሊኔዎ። "ቀጥ ብለሽ ዓይኔን አየሽኝ። ከዚያ አቀርቅረሽ ፈረምሽ። ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ ነበር የማየው፣ ድስት አሳርሬ ሴትዮዋ ጮሁብኝ።"

ምፖሎኬንግ ስልኩን መለሰችላት። ከውሃው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። "አላየሁሽም፣ እህቴ። በእናታችን ስም፣ እንጨት ላይ የታሰረ ስልክ ነው ያየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትሰሙናላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ እንሰማችኋለን ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።"

ሊኔዎ አጠገቧ ተቀመጠች። "እኔም በማግስቱ መደወል እችል ነበር" አለች። "ተናድጄ ነው። ያኔ ገና ውሃው አልመጣም ነበር።"

ሁለቱም አለቀሱ፤ እንደ ልጅ፣ ድምፅ አውጥተው። ቆይቶ ምፖሎኬንግ ፊቷን በብርድ ልብሷ ጠረገችና "የት ጋ ነበረች? አሳይኝ" አለች።

ሊኔዎ እጇን ዘረጋች። ወደ ግራ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ መለሰችው።

"በረቱ ቢታይ ኖሮ አውቀው ነበር" አለችና እጇን አወረደች።