ኢንሱሊን ይዤ ወደ ይፋት

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ይፋት ውስጥ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ በረዶ የያዘ ፔርሙዝ ነበር፤ ውስጡ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ በረዶው እንዳይነካቸው በጨርቅ ተጠቅልለው።

የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ዘይነባ ናት። አባቷ አቶ ሰይድ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ክኒኑ አልበቃ ብሏቸው ሐኪም መርፌ ቢያዝላቸውም፣ «ከአሳማ የተሠራ ነው» የሚል ወሬ ሰምተው እምቢ ብለዋል። ዘይነባ አራስ ስለሆነች መሄድ አልቻለችም። «የባዮሎጂ መምህር ነሽ፤ እውነቱን ንገሪያቸው» ብላ ለመነችኝ።

ጣርማ በር፣ 4 ሰዓት

ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ወደ ዋሻው ገባ። ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን እንደለበስኩ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር፤ ሮቢት ስደርስ ሹራቡ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። እስከ መስኖው ቦይ በባጃጅ፣ ከዚያ በሽንኩርት ማሳና በማሽላ መሃል በእግሬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ

አባባ ሰይድ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል ሁለት ወር ሙሉ አልሽር ብሏል። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ብልቃጦቹን ተቀብለው እንዳይሞቁ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጧቸው።

ወሬው ከባዶ እንዳልተነሣ ነገርኳቸው። ድሮ ኢንሱሊን የሚወጣው ከታረዱ ከብቶችና አሳማዎች ቆሽት ነበር። በኋላ ሳይንቲስቶች ዘረ መል ቆርጦ መቀጠል ቻሉ፤ የሰውን የኢንሱሊን ዘረ መል ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡ፤ ባክቴሪያዋም እየተባዛች ኢንሱሊኑን ትሠራ ጀመር። የብልቃጡን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ ይኸኛው በዚያ መንገድ የተሠራ ነው።

«ከአሳማ ሸሽተን ሰው ላይ ወደቅን ማለት ነው?» አሉኝ አባባ ሰይድ።

ከማንም ሰው አካል እንዳልተወሰደ፣ የተገለበጠው የአሠራሩ መመሪያ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። ማንጏቸውን ቀና ብለው አዩ። እሳቸውም ከጥሩው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው በአገሬው ማንጎ ግንድ ላይ እንደቀጠሉት ነገሩኝ። ይመሳሰላል፣ አንድ ግን አይደለም አልኳቸው።

«ከዚህ በፊት ሆስፒታል ተኝቼ የወጉኝ ኢንሱሊንስ ከምን ነበር?»

ብልቃጡን ስላላየሁት አላውቅም አልኩ። እትዬ ፋጡማ ነገሩን እንዳበላሸሁት ሁሉ በቁጣ አዩኝ። ጉዞዬ ከንቱ የቀረ መሰለኝ።

«የማታውቂውን አላውቅም ካልሽኝ፣ አውቃለሁ ባልሽው አምንሻለሁ» አሉ አባባ ሰይድ።

እሑድ

ጠዋት እትዬ ፋጡማ ከጤና ጣቢያ ያስጠሯት ነርስ ሐኪሙ የጻፈውን መጠን ቀድታ አወጋጉን አሳየቻቸው። መርፌውን ግን ከእጇ ተቀብለው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ራሳቸው ወጉት። ወዲያው ቁርስ ቀረበላቸው። እኔም እቅፍ ሙሉ ማንጎ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ከሳምንታት በኋላ ዘይነባ ቁስሉ መድረቅ እንደጀመረ ነገረችኝ።

የጄኔቲክ ምህንድስናን ታሪክ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሥዕል በመሣል እጀምር ነበር። ከይፋት በተመለስኩ ማግስት ግን ጠመኔ ሳላነሳ፣ ኢንሱሊን ከምን እንደሚሠራ ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና አያቷ ይህንኑ ፈርተው መርፌውን እንደተዉ ነገረችን። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሣም።